ለፈጠርኩት ቋንቋ አስተያየት ስጡኝ፦ የኡሠራ ድምፆችና አጻጻፍ

ጦሳ ስር (ደሴ)

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ዋላችሁ? ለምጽፈው ልብ ወለድ አንድ ቋንቋ እየፈጠርኩ ነው። ስሙ ኡሠራ ነው። ተናጋሪዎቹ ደጋ ላይ ይኖራሉ። ጭጋግ የማይለየው፣ ቁልቁል ሲያዩ ቆላው የሚታይበት አገር ነው። ደሴን የሚያውቅ ሰው አገሩን ከየት እንዳመጣሁት አይጠፋውም። ሰዋስዉን ሌላ ጊዜ አመጣዋለሁ። ዛሬ ድምፁንና አጻጻፉን ብቻ እዩልኝ።

አናባቢዎቹ ሰባት ናቸው፣ ልክ እንደ አማርኛ፦ ኧ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኣ፣ ኤ፣ እ፣ ኦ። ተነባቢዎቹ መ፣ ነ፣ በ፣ ተ፣ ደ፣ ከ፣ ገ፣ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ሰ፣ ሠ፣ ሸ፣ ቸ፣ ሀ፣ ረ፣ ለ፣ ወ፣ የ ናቸው። ፈ፣ ዘ፣ ጀ፣ ፐ፣ ጰ እና ጸ የሉም። አውቄ ነው የተውኳቸው። ያለንን ድምፅ ሁሉ ብሰጠው አማርኛ መስሎ ይቀርብኛል።

ሠ ላይ ልብ በሉልኝ። በአማርኛ ሰ እና ሠ አንድ ድምፅ ናቸው። በኡሠራ ግን ይለያያሉ። ምላሳችሁን ል ልትሉ እንዳሰባችሁ አስቀምጡት። ከዚያ ጉሮሯችሁን ሳታሰሙ አየሩን በምላሳችሁ ጎን ንፉት። ሠ ማለት እሱ ነው። የዌልስ ሰዎች ይህ ድምፅ አላቸው። በየመንና በኦማን የሚነገረው መህሪም አለው። የሴማዊ ቋንቋ አጥኚዎች ደግሞ የጥንቱ ግዕዝ ሠ እንዲህ ከጎን የሚወጣ ድምፅ እንደነበር ይገምታሉ። ፊደሉ ዛሬ አማርኛ ውስጥ የራሱ ድምፅ የለውም። እኔ መልሼ ሰጠሁት።

መጥበቅና መላላትም ትርጉም ይለያል። ማላ ላልቶ ተራራ ነው፣ ጠብቆ ጭጋግ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር እነሆ፦

ታ ማላ ሶን ማላ ክርም።

ተራራውን ጭጋግ ሸፈነው ማለት ነው። ምን ትላላችሁ?


ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ድምፆቹን ወድጃቸዋለሁ። ጀ እና ዘ የሌሉበት ቋንቋ ሲነበብ ለስለስ ይላል። አጻጻፉ ግን ችግር አለበት።

ዓረፍተ ነገርህ ውስጥ ሁለት ማላ አለ። የቱ ነው ተራራው? የቱ ነው ጭጋጉ? አንተ ባትነግረኝ አላውቅም ነበር። ክርም የሚለውን ደግሞ በስንት መንገድ አነበብኩት። ር ላይ አናባቢ አለ ወይስ የለም? ር ይጠብቃል ወይስ ይላላል? ምርጫው ብዙ ነው፣ ፊደሉ ግን ያው ሦስት ነው።

«አማርኛም እንዲሁ ነው» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው። ሽፍታ ብለን ስንጽፍ ጫካ የገባው ሰውም ሊሆን ይችላል፣ ቆዳ ላይ የሚወጣውም ሊሆን ይችላል። አንዱ ላይ ፍ ላልቶ ያለ አናባቢ ያልፋል። ሌላው ላይ ጠብቆ እ ይከተለዋል። ሰፊ ልብስ ሰፊውም ነው፣ ጠባብ ያልሆነውም ነው። ዋና፣ ገና፣ አለ፣ ይመታል፣ ሁሉም እንዲሁ። እኛ ግን አንቸገርም። ቋንቋውን ከፊደሉ በፊት ስለምናውቀው የጎደለውን ከጆሯችን እንሞላዋለን።

የኡሠራ ጆሮ ያለው ሰው በዓለም ላይ አንተ ብቻ ነህ። አንባቢህ የሚሞላበት ነገር የለውም። ስለዚህ አማርኛ ለአንባቢው የሚተወውን ሁሉ ያንተ አጻጻፍ ራሱ መሸከም አለበት። እኔ ከዚህ በላይ የሚያስጨንቀኝ ነገር የለም። ሌላው ሁሉ የጣዕም ጉዳይ ነው።


የሐይቅ ተማሪ

ቦርከና ያነሳው ነገር ትልቅ ነው። እኛ ቤተ ክህነት ስንማር ንባብ ከየኔታ አፍ የሚወረስ ነው። ይህ ቃል ተነሽ ነው፣ ይህ ወዳቂ ነው፣ ይህ ይጠብቃል፣ ይህ ይላላል እያሉ ጆሯችን ውስጥ ያስገቡታል። መጽሐፉ ላይ ያለው ፊደሉ ብቻ ነው። መምህር የሌለው አንባቢ ዘንድ ሲደርስ ችግሩ ይመጣል። የኡሠራ አንባቢ ደግሞ መምህር የለውም።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ከፊደል በላይ ምልክት ማድረግ የአገራችን ልማድ ነው። የዜማ መጽሐፍ ብትገልጥ ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ርክርክ ከፊደሉ አናት ላይ ተደርድረው ታያለህ። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. ፍቅር እስከ መቃብርን ሲያሳትሙ የሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገዋል። አሮጌውን እትም ያየ ሰው ያስታውሰዋል። ልማዱ አልቀጠለም እንጂ ሐሳቡ ትክክል ነበር። አንተም ነጥብ አድርግበት። ገጹም ያምራል።


የባቲው

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ፣ አብሽር፣ ጥሩ ሥራ ነው የያዝከው።

የሐይቁ ወንድሜ ያነሳው ከፊደል በላይ ምልክት ማድረግ በቤተ ክህነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ወሎ ውስጥ ሸኾቻችን አማርኛን በዓረብ ፊደል ሲጽፉ ኖረዋል። ዓጀሚ የምንለው ነው። የእስልምና ትምህርት ማዕከል በሆኑት በዳናም በጌታም መንዙማ በዚህ ተጽፏል። አሁን ቦርከና ያነሳቸው ሁለት ችግሮች ዓጀሚ ላይ መልስ አላቸው። ድምፅ ሲጠብቅ ሸዳ ይደረጋል። አናባቢ የሌለው ድምፅ ሲሆን ሱኩን ይደረጋል። አለ ብለህ ሸዳ ካደረግህበት «አለ፣ ይገኛል» ነው። ካላደረግህበት «ተናገረ» ነው። የእኛ ፊደል የማያሳየውን ያሳያል።

ጉድለትም አለበት። የዓረብኛ የአናባቢ ምልክት ሦስት ነው፣ አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው። ለጨ፣ ለኘ፣ ለጰም ዓረብኛ ፊደል የለውም። ጸሐፊዎቹ ቅርብ የሆነውን ፊደል እየተዋሱ፣ ነጥብ እየጨመሩ ተወጥተውታል። እኔ የምልህ ሸዳና ሱኩንን የሚተካ ሁለት ምልክት አውጣ። አንዱ ለመጥበቅ፣ አንዱ ለባዶ ድምፅ። አንዱን ብቻ ካደረግህ ሥራው ግማሽ ይሆናል።


ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ጋሼ፣ ጀዛከላህ። ሱኩንን ማንም አላስታወሰም ነበር።

እኔ የምፈራው ስልኩን ነው። ማጥበቂያ ምልክት በዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለት ኮምፒውተርና ስልክ ፊደላትን በሚያውቁበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ አለ። በፊደሉ አናት ላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች ናቸው። ፊደላችን በ1999 ሲገባ አልነበረም፣ በ2005 ተጨመረ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ችግሩ አብዛኛው የስልክ ኪቦርድ ላይ ቁልፍ የለውም። አንዳንዱ ፎንት ላይ ደግሞ ነጥቡ ጎረቤት ፊደል ላይ ይወድቃል።

ይህ የቆየ በሽታ ነው። ዛመንሆፍ የሚባል ሰው በ1887 ኤስፔራንቶ የተባለውን የፈጠረውን ቋንቋ ሲያወጣ ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል የሚል ግሩም ሕግ ሠራ። 28 ፊደል ነው ያለው። ግን ስድስቱ ላይ ምልክት ጨመረባቸው። ማተሚያ ቤቶች ያ ምልክት ያለበት የፊደል ቅርጽ አልነበራቸውም። ስለዚህ እሱ ራሱ ምልክቱ ከሌላችሁ ከፊደሉ ኋላ ሌላ ፊደል ጨምራችሁ ጻፉ ማለት ግድ ሆነበት። ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ ሰዎች ሌላ ዘዴ አወጡ። አንድ ቋንቋ በሦስት አጻጻፍ ተጻፈ ማለት ነው። ኡሠራ እዚያ ውስጥ ባይገባ ደስ ይለኛል። በተለመደው ኪቦርድ ብቻ የሚጻፍ ይሁን።


ከሚሴ ላይ

እኔ የኦሮምኛ ተናጋሪ ነኝ፣ በቁቤ ነው የተማርኩት። የእኛ መንገድ ምልክት አይፈልግም። የሚጠብቀውን ተነባቢ ሁለት ጊዜ መጻፍ ነው፣ የሚረዝመውን አናባቢም ሁለት ጊዜ። ለምሳሌ ደ ሲላላ «መጥፎ»፣ ሲጠብቅ «ደጋ» የሚሆን ቃል አለን። በፊደል ስንጽፋቸው ሁለቱም በዳ ሊሆኑ ይችላሉ። በቁቤ ግን ደ ተደግሞ ስለሚጻፍ ሕፃን ልጅም አይሳሳትም።

ቁቤም ሁሉን አልጨረሰም። ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ጰ እና ዸ እያንዳንዳቸው በሁለት የላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት። እነሱ ሲጠብቁ አራት ፊደል መደርደር ስለሚሆን አይደገሙም። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ አንባቢው እንደገና በጆሮው ነው የሚያነብ። አንተ በፊደል ስለምትጽፍ ይህ ችግር የለብህም። አንድ ድምፅ አንድ ፊደል ነው። ድገመው ብቻ። ጭጋጉን ማልላ ብለህ ጻፈው።

ቋንቋ ፈጥሮ ፊደልም ራሱ መፍጠር ለሚያስብ ሰው ደግሞ ሼህ በክሪ ሳጰሎን አስታውሱ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ለኦሮምኛ ብቻ የሚሆን ፊደል ከባዶ ፈጥረዋል። አገሬው ራሱ እንዲህ ዓይነት ሥራ ሠርቷል ለማለት ነው።


የሐይቅ ተማሪ

ወንድሜ ከሚሴ፣ መድገሙ ለላቲን ይሆናል። ለእኛ ፊደል ግን እንዴት ይሆናል? ማልላ ብሎ ቢጽፍ አንባቢው ማ፣ ልእ፣ ላ ብሎ በሦስት ነው የሚያነበው። ሳድስ እኮ አንዳንድ ጊዜ አናባቢ አለው፣ አንዳንድ ጊዜ የለውም። ል ብለህ ስትጽፍ የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ወደ ነጥቡ እንመለስ።


ሙጋድ

ሁላችሁንም ሳነብ ቆየሁ። ሁሉም ሰው አጻጻፉን ለመጠገን ነው የሚሞክረው። ድምፁን ለምን አንነካውም?

አስቡት። ሳድስ የሚያስቸግረው ሁለት ሥራ ስላለው ነው። አንዳንዴ እ ያለበት ተነባቢ ነው፣ አንዳንዴ ባዶ ተነባቢ ነው። አማርኛ ላይ ይህን መቀየር አንችልም፣ ቋንቋው ከእኛ በፊት ነበር። ኡሠራ ግን ገና እየተሠራ ነው። ጦሳ ስር፣ እ የሚለውን አናባቢ ከቋንቋህ አውጣው! ስድስት አናባቢ ይበቃሃል።

ከዚያ የሚሆነውን እዩ። በኡሠራ ውስጥ እ የሚባል ድምፅ ከሌለ ሳድስ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ል ማለት ል ብቻ ነው፣ ምንም አይከተለውም። የባቲው አባታችን የጠየቁት ሱኩን በነፃ ተገኘ። ሳድሱ ራሱ ሱኩን ሆነ። ባዶ ከሆነ ደግሞ ማልላ ሌላ ንባብ ሊኖረው አይችልም። ማል፣ ላ። ሁለቱ ል ተያይዘው ይጠብቃሉ። የከሚሴው መድገም ሠራ ማለት ነው፣ ሸዳም ነጥብም አያስፈልግም። ኪቦርዱም ያው የለመድነው ነው። አንድ ድምፅ ስናወጣ ሁለቱም ችግር አብሮ ወጣ።

አንድ ነገር ግን ጨምር። የእኛ አፍ ተነባቢዎች ሲደራረቡ መሃል ላይ እ ያስገባል። ሳናውቀው ነው የምናስገባው። ክርም ብለህ እ የለውም ብትለን እንኳ እናስገባዋለን። ስለዚህ የክፍለ ቃሉን ቅርጽ ወስን። ክፍለ ቃል ቢበዛ በአንድ ተነባቢ ይጀምር፣ አናባቢ ይኑረው፣ ቢዘጋ በአንድ ተነባቢ ብቻ ይዘጋ። ቃል መጀመሪያ ላይ ሁለት ተነባቢ አይደራረብ፣ መጨረሻ ላይም እንዲሁ። መሃል ላይ ከሁለት አይበልጥ። እንደዚያ ከሆነ አፋችን እ እንዲያስገባ የሚገፋው ነገር አይኖርም።


ጦሳ ስር (ደሴ)

ሙጋድ፣ እጅሽ ይባረክ! ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

እ ወጥቷል። አናባቢዎቹ ኧ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኣ፣ ኤ፣ ኦ ናቸው። የክፍለ ቃሉን ሕግም እንዳለ ወስጄዋለሁ። ክርም አሁን ኪሪም ሆኗል። ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ይጻፋል፦

ታ ማላ ሶን ማልላ ኪሪም።

ተራራውና ጭጋጉ አሁን በዓይን ይለያሉ። የሐይቁ ጋሼ፣ ነጥቡን ስላልወሰድኩ አይክፉብኝ። ለአማርኛ ቢሆን ኖሮ ከእርስዎ ጋር ነበር የምቆመው። አማርኛ ላይ ድምፅ ማውጣት አይቻልም፣ ምልክት መጨመር ብቻ ነው የሚቻለው።


አራዳ (ደሴ)

በንድፈ ሐሳብ ብቻ እንዳይቀር ብዬ ታናሽ እህቴን አስነበብኳት። ስድስተኛ ክፍል ናት። ምንም ሳልነግራት ማልላን በሦስት አነበበችው፣ የሐይቁ ጋሼ እንዳሉት። ከዚያ «ሳድስ ሁልጊዜ ባዶ ነው» አልኳት። ወዲያው ገባት። ሌሎች ቃላት ፈጥሬ ጻፍኩላት፦ ቶርሚ፣ ኔክካ፣ ሱምባር። ሦስቱንም በትክክል አነበበች። ኔክካ ላይ ክን ጠበቅ አድርጋ ነው ያለችው። ስለዚህ መጽሐፍህ መጀመሪያ ላይ ያቺን አንዲት ሕግ አስቀምጣት። ያለሷ ማንም አማርኛ አንባቢ በልማዱ ነው የሚሄደው።

ልጆች እንዲህ ዓይነት ነገር የሚፈጥኑት በየወፍ ቋንቋ ስላደጉ ይመስለኛል። እኛ ሰፈር ዝ እየጨመርን ነበር የምናወራው። ድምፅን ቆራርጦ መልሶ መገጣጠም ማንም ሳያስተምረን ነው የለመድነው።

አንድ ጥያቄ፦ እህቴ የትኛውን ክፍለ ቃል ከፍ አድርጋ ታንብብ? ሱምባር ላይ አንዴ ሱምን፣ አንዴ ባርን ከፍ ታደርጋለች።


ጦሳ ስር (ደሴ)

ሁልጊዜ ከመጨረሻው በፊት ያለውን። ሱምባር ላይ ሱም፣ ኪሪም ላይ ኪ ነው ከፍ የሚለው። ኤስፔራንቶም እንዲሁ ነው። አንድ ሕግ ካለ ምልክት አያስፈልግም። ለእህትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።


ቦርከና (ኮምቦልቻ)

አሁን ደግሞ ግዕዝ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አናባቢህ ኧ እና ኣን ይለያል። በ፣ ተ፣ ለ ላይ ችግር የለም፣ በ እና ባ ይለያያሉ። ሀ ላይ ግን ሀም ሃም በአማርኛ አንድ ናቸው። አ እና ኣም አንድ ናቸው። አንባቢህ ሀ ሲያይ ሃ ነው የሚለው።


ሙጋድ

ቀላል ነው። ሀ እና አ የሚሉትን ሁለት ቅርጾች ጨርሶ አይጠቀም። ኧ እና ኣ አሉለት፣ ኸ እና ሃ አሉለት። ኸ ለአማርኛ አንባቢ ኧ እንዳለበት ግልጽ ነው። ሐ፣ ኀ እና ዐም ይውጡ። ኳ፣ ጓ እና ቋም አያስፈልጉም፣ እንዲህ ዓይነት ድምፅ በኡሠራ የለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሠ ነው። ድምፁ ውብ ነው፣ ታሪኩም ውብ ነው። ግን አማርኛ አንባቢ ሠ ሲያይ ሰ ነው የሚያነበው። ሲጽፍልህም ሁለቱን እንደፈለገ ይለዋውጣል። እዚሁ ላይ ስሙን ኡሰራ ብሎ የሚጽፍ ሰው በቅርቡ ይመጣል። በፊደል ያገኘነውን ግልጽነት በዚህ በኩል እናጣዋለን። ሌላ ፊደል ፈልግ። ኽምጣና የሚባለው የአገው ቋንቋ የሚነገርበት ዋግ ቅርባችን ነው። ኤርትራ ውስጥ ለሚነገረው ለብሌን ቋንቋ የሚጠቀሙበት ጘ እንኳ አማርኛ ውስጥ ስለሌለ ማንም ከሌላ ጋር አይቀላቅለውም።


የሐይቅ ተማሪ

እዚህ ላይ ግን ከልጁ ጋር ነኝ። ሠ ንጉሡ የሚጻፍበት ፊደል ነው። እኛ ስንማር ንጉሥን በሰ የጻፈ ተማሪ ይቀጣ ነበር። ድምፁ ቢጠፋም ፊደሉ አልጠፋም። ድምፁን መልሶ ሊሰጠው የተነሳ ሰው ሲገኝ ተው ልንለው አይገባም። ጘ ለእኛ እንግዳ ነው፣ ሠ ግን የራሳችን ነው። አንባቢው ይማረው።


ጦሳ ስር (ደሴ)

ሠን አልለቅም። ቋንቋውን መፍጠር የጀመርኩት ከዚያ ድምፅ ነው፣ እሱን ካወጣሁት የቀረው ባዶ ይሆንብኛል። የሙጋድን ስጋት ግን በቁም ነገር ነው የምወስደው። ስለዚህ ይህን ወስኛለሁ፦ በሰ እና በሠ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቃላት በመዝገበ ቃላቴ ውስጥ አይኖሩም። ሠራ ካለ ሰራ አይኖርም። አንባቢ ቢቀላቅል ድምፁ ይዛባል፣ ትርጉሙ ግን አይዛባም። ማላና ማልላ ላይ እንዲህ ማለት አልችልም ነበር፣ እዚያ ትርጉሙ ነው የሚጠፋው።


ሙጋድ

ተስማምቻለሁ። እንዲህ ከሆነ ሠ ይቆይ።


ከሚሴ ላይ

አንድ የቀረ ነገር። ሰዎችህ ከቆላው ጋር ይነግዳሉ ካልክ የሌላ ቋንቋ ስም ያስገባሉ። የከተሞቻችንን ስም በኡሠራ ሕግ ጻፍልን እስቲ። ሕጉ የሚፈተነው እዚያ ነው።


ጦሳ ስር (ደሴ)

ሞከርኩት፣ ደስ የሚል ሥራ ነው። ደሴ ላይ ስ ስለሚጠብቅ ደስሴ ይሆናል። ከሚሴ፣ መርሳ፣ ባቲ፣ ቢስቲማ እና ላሊበላ ምንም አይነካቸውም። ኮምቦልቻ ለኡሠራ የተሠራ ይመስላል፣ ኮም፣ ቦል፣ ቻ። ወልድያ ወልዲያ ይሆናል። ውጫሌ መጀመሪያው ላይ እ ስላለ ኡጫሌ ይባላል።


የሐይቅ ተማሪ

የኔን ተውካት እኮ! ሐይቅ መጨረሻው ላይ ሁለት ተነባቢ አለው፣ ይ እና ቅ። ሐም አውጥተኸዋል።


ጦሳ ስር (ደሴ)

ጋሼ፣ አልተውኳትም፣ ሕግ ስላስፈለጋት ነው ያቆየኋት። ሐ ወደ ሃ ይሄዳል። የውጭ ቃል በሁለት ተነባቢ ካለቀ ኢ ይጨመርበታል። ስለዚህ ሃይቂ ይሆናል። ሃይ፣ ቂ፣ ከፍ የሚለው ሃይ ነው። በታሪኩ ውስጥ ደገኞቹ ዓሣ የሚገዙት ከዚያ ስለሆነ ስሙ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ አለ።